መብራት የማይበራበት ዳርቻ

ከትሪኒዳድ ዋና ከተማ ከፖርት ኦፍ ስፔን ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ፣ አሪማንና ቫሌንሲያን ካለፈ በኋላ፣ ሰፊው አውራ ጎዳና ጠብቦ፣ ደኑ ከግራና ከቀኝ ተጠግቶት፣ አንድ ጊዜ ወደ ባሕሩ እየወረደ አንድ ጊዜ ወደ ኮረብታው እየወጣ፣ ማቱራን፣ ሳሊቢያንና ባላንድራን አቋርጦ፣ በደሴቲቱ ሰሜን ምሥራቅ ማዕዘን ቶኮ ከሚባለው ቀበሌ ይደርሳል። በዚያ የጋሌራ የመብራት ግንብ ቆሟል፤ የተሠራውም በ1897 ነው (ካላመለከትሁ በቀር ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እጽፋለሁ)። ከግንቡ ሥር አትላንቲክ ውቅያኖስና የካሪቢያን ባሕር ሲገናኙ ይታያሉ። መንገዱ ከዚህ ወደ ምዕራብ ታጥፎ፣ ሳን ሱሲን አልፎ የዚህ ጽሑፍ መነሻ ወደ ሆነችው ወደ ግራንድ ሪቪዬር መንደር ይገባና፣ ጥቂት ቈይቶ ማትሎ በምትባል መንደር ላይ ያልቃል፤ ከማትሎ ወዲያ ያለውን ጠረፍ ማየት የሚሻ ሰው በደን ውስጥ በእግሩ መሄድ ወይም በጀልባ መሳፈር አለበት። ጕዞው በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ሲሆን፣ ጠመዝማዛው የሚበዛበት የመጨረሻው ሰዓት ቍርሱን አብዝቶ የበላ ሰው የሚጸጸትበት ሰዓት ነው።

ትሪኒዳድ ኮሎምቦስ በ1498 በሦስተኛው ጕዞው ደርሶ በቅድስት ሥላሴ ስም የሰየማት፣ ከቬኔዝዌላ ጠረፍ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቅ፣ በካሪቢያን ደሴቶች ሰንሰለት በስተ ደቡብ ጫፍ ያለች ደሴት ናት። ጎረቤቶቿ ባርቤዶስና ግሬናዳ እንግዳ ተቀብለው ሲኖሩ፣ እርሷ ግን ከምድሯና ከባሕሯ ሥር ነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ ስለ ተገኘላት፣ ኑሮዋን በባሕር ዳርቻ ገበያ ላይ አልመሠረተችም፤ ለመዋኘትና በፀሐይ ለመሞቅ የሚመጣውን ጎብኚ በአብዛኛው የምትቀበለው እኅቷ ቶቤጎ ናት። ግራንድ ሪቪዬር ጸጥ ብላ የቀረችበት አንደኛው ምክንያት እንግዲህ ይኸው ነው፤ የአገሪቱ ሀብት በሌላ በር ስለ ገባ፣ ይህን ጥግ አጥብቆ የፈለገ ባለ ገንዘብ አልነበረም። ሁለተኛው ምክንያት ግን የሰው ፈቃድና የሰው ድካም ነው፤ እኔንም ሌላውን ሁሉ ትቼ ስለ እርሱ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይህ ነው።

መንደሪቱን ያቀናት ካካዎ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት፣ አገሬው «ፓንዮል» የሚላቸው ከቬኔዝዌላ የመጡ እስፓኝኛ ተናጋሪ ገበሬዎች፣ የሰሜኑን ተራራ ሸንተረር እየመነጠሩ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ካካዎ ተከሉ። ዛሬ በዓለም ላይ በጥሩ መዓዛው የታወቀው ትሪኒታሪዮ የሚባለው ዘር የዚህች ደሴት ልጅ ነው፤ በ1727 ታላቅ መቅሠፍት ወርዶ ክሪዮሎ የተባለውን የጥንቱን የካካዎ ዘር ከፈጀው በኋላ፣ ከዋናው ምድር የመጣው ፎራስቴሮ የተባለው ዘር ከጥንቱ ትራፊ ጋራ ተዳቅሎ ተገኘ። በመንደሩ የካካዎ ማድረቂያ ቤትን አሠራር ያስረዱኝ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ፍሬው የሚሰጣው በቤቱ ወለል ላይ ሲሆን፣ ጣሪያው በሐዲድ ላይ ስለ ተሠራ ፀሐይ ሲወጣ ወደ ጎን ይገፋል፣ ዝናም ሲያጉረመርም ይመለሳል። ፍሬው ሲደርቅም ሠራተኞች በባዶ እግራቸው ወጥተው እየዘፈኑ በላዩ ይጨፍሩበት ነበር፤ ይህም ለጨዋታ ሳይሆን እያንዳንዱ ፍሬ እርስ በርሱ ተፋትጎ እንዲወለወል ነው። በ1928 «የጠንቋይ መጥረጊያ» የሚባለው የተክል በሽታ ደሴቲቱ ገብቶ፣ የዓለም ገበያም ዋጋ ወድቆ፣ ርስቶቹ ጠፍ ሆኑ፤ ደኑም የተነጠቀውን መሬት ቀስ በቀስ መለሰ። በትሪኒዳድ ካልሆነ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው፣ ሊጠፋ የተቃረበው «ፓዊ» የተባለው ትልቅ ጥቍር ወፍ ዛሬ በዚህ ጫካ በማለዳ የሚታየው በዚያ ኪሳራ ትርፍ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ዳርቻው ራሱ ርዝመቱ አንድ ኪሎ ሜትር የማይሞላ፣ አሸዋው ወርቅማ፣ ቅንጣቱ ሻካራ፣ በሁለት ወገን በድንጋያማ ራስ ምድር የታጠረ ሲሆን፣ በአንደኛው ጫፉ ለመንደሩ ስሙን የሰጠው ወንዝ ከተራራ ወርዶ ወደ ባሕሩ ይፈስሳል። ማዕበሉ ብርቱ ነው። ሰማያዊና የተኛ ውኃ አይቶ ሊዋኝ የመጣ ሰው እዚህ ባይደክም ይሻለዋል፤ ከወንዙ አፍ ካለው ውኃ ውስጥ ሕፃናት ሲንቦጫረቁ ይውላሉ እንጂ፣ ባሕሩ ለሰው ምቾት የተዘጋጀ አይደለም። አሸዋውም ለጥ ያለ አይደለም፤ በጕድጓድና በጕብታ የተመላ፣ የታረሰ የሚመስል ነው። በላዩም በቀን ብርሃን ጥቋቍር ጥንብ አንሣዎች፣ አገሬው «ኮርቦ» የሚላቸው፣ እንደ ባለቤት ይንጐራደዳሉ። ሌሊት የመጣው ማን እንደ ሆነ ለማያውቅ እንግዳ ይህ ሁሉ እንቆቅልሽ ነው።

ከማርች 1 ቀን እስከ ኦገስት 31 ቀን ድረስ፣ ፀሐይ ከጠለቀ በኋላ ያለ ፈቃድ ወረቀትና ያለ መሪ ወደዚህ አሸዋ መውረድ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ዳርቻው ክልል ሆኖ የታወጀው በ1997 ነው። መሪዎቹ የመንደሩ ተወላጆች ናቸው። ለእኛ የደረሰችን ሴት፣ ዕድሜዋ ወደ ኀምሳ የሚጠጋ፣ ንግግሯ ቍጥብ፣ ትእዛዟ ግን የማይታለፍ ነበረች። «የእጅ ባትሪ ያላችሁ አጥፉ፤ ስልክ ያላችሁ ኪሳችሁ ክተቱ፤ እኔ ሳልፈቅድ ማንም ከፊቷ እንዳይቆም» ብላ፣ ከእርሷ እጅ ካለችው ቀይ መብራት በቀር ብርሃን እንዳይኖር አደረገች። የመንደሩ ማረፊያ ቤቶችም ወደ ባሕር በሚያየው ወገን መብራታቸውን ይቀንሳሉ ወይም ይጋርዳሉ። ከእንቁላሉ የወጣ የባሕር ኤሊ ጫጩት ባሕሩን የሚያገኘው፣ በሌሊት ከምድሩ ይልቅ የውኃው አድማስ ብሩህ ስለ ሆነ ወደ ብርሃኑ በመሄድ ነውና፣ ከኋላው አንድ ፋኖስ ቢበራ ፊቱን ወደ መንደሩ መልሶ በመኪና መንገድ ላይ ወይም በውሻ አፍ ይቀራል። ለዚህ ነው ጨለማው እዚህ በሥርዓት የሚጠበቀው።

ተራችን እስኪደርስ ከመንደሩ መጠለያ ሥር ተቀምጠን ስንጠብቅ፣ የካካዎውን ነገር የነገሩኝ ሽማግሌ አገሬን ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ባልሁ ጊዜ ፈገግ ብለው፣ «እንግዲያስ አውሮፕላናችሁን የሰበረባችሁ የእኛ ልጅ ነው» አሉ። ነገሩ እውነት ነው። በፖርት ኦፍ ስፔን የተወለደው ሁበርት ጁሊያን በ1930 አዲስ አበባ መጥቶ፣ ከዘውድ በዓሉ በፊት ንጉሠ ነገሥቱ አብልጠው የሚወዱትን አውሮፕላን አስነሥቶ ስለ ጣለው ከአገር እንዲወጣ ተደርጎ ነበር፤ ጦርነቱ ሲመጣ ደግሞ ተመልሶ መጣ። ዕዳው ግን በሌሎች የዚህች ደሴት ልጆች ተከፍሏል፤ ፋሺስት ኢጣልያ በ1935 በተነሣችብን ጊዜ በለንደን የአቢሲንያ ወዳጆች ማኅበር ሲቋቋም ሊቀ መንበሩ ትሪኒዳዳዊው ደራሲ ሲ. ኤል. አር. ጄምስ ነበረ፤ ጆርጅ ፓድሞርም ከአጠገቡ የቆመ የአገሩ ሰው ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በሚያዝያ ወር 1958 ዓመተ ምሕረት፣ ብዙ የተጻፈለት የጃማይካው ጕብኝት ሊፈጸም ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በመጀመሪያ ያረፉት ትሪኒዳድ ላይ ነበረ። ሽማግሌው ይህን ሁሉ ከእኔ አስቀድመው ያውቁት ነበርና፣ እኔ ለመናገር የተዘጋጀሁትን እርሳቸው ነገሩኝ።

መሪያችን በቀይ መብራቷ ምልክት ሰጠችን። ከማዕበሉ ጫፍ ጥቂት ርምጃ ላይ፣ መጀመሪያ ድንጋይ የመሰለኝ ነገር ተነፈሰ። ትንፋሹ ረዥም፣ ከባድ፣ እርጥብ ነበር። ከባሕር ኤሊዎች ሁሉ የምትበልጠው ይህች ቆዳ ለበስ ኤሊ እንደ ሌሎቹ ደረቅ ልብሰ ድንጋይ የላትም፤ ጀርባዋን የሸፈነው ከደቃቅ አጥንቶች በላይ የተዘረጋ ጥቍር ወፍራም ቆዳ ሲሆን፣ ከአንገት እስከ ጅራት ሰባት ዘንጎች ተጋድመውበታል። አንዲቱ እናት ከ300 እስከ 500 ኪሎ ትመዝናለች፤ በ1988 በዌልስ ጠረፍ ሞቶ የተገኘው ትልቁ ወንድ 916 ኪሎ ነበረ። በውኃ ውስጥ ከአንድ ሺህ ሜትር በታች ጠልቃ የምትመለሰው ይህች ዋናተኛ፣ በአሸዋ ላይ ግን በየሁለት ርምጃው ቆማ እያረፈች፣ ገላዋን በግድ እየጎተተች ትወጣለች።

ቦታዋን ከመረጠች በኋላ በፊት እጆቿ አሸዋውን በኃይል ወደ ኋላ እየበተነች መተኛዋን ታደላድላለች፤ በዚያን ጊዜ በቅርብ የቆመ ሰው ፊቱን ካልሸፈነ አሸዋ ይቅማል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የኋላ እግሮቿ ነው። እነርሱን መሪያችን አጠገቧ ተንበርክካ በቀይዋ ብርሃን አሳየችን። ሰፊው እግር ወደ ጕድጓዱ ይገባል፤ ከጎታ ግርጌ የቀረውን እህል በመዳፏ እንደምትዝቅ ሴት ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፎ አሸዋውን ይዞ ይወጣል፤ አውጥቶም በጎን ያስቀምጣል፤ ወዲያው ሁለተኛው እግር የተረፈውን ፍንጣሪ ከጕድጓዱ አፍ ጠርጎ፣ በተራው ይገባል። ዐይኗ ወደ ፊት ነው፤ የምትሠራውን አንዳች አታይም። ጕድጓዱ ሰባ ወይም ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ጠልቆ ታችኛው ክፍሉ ሰፋ ሲል፣ እግሩ የሚደርስበት አሸዋ ስላጣ ይቆማል፤ የልኩ መለኪያ የእግሯ ርዝመት ነውና።

እንቁላሉ ሁለትም ሦስትም ሆኖ ይወርዳል፤ ዙሪያው ክብ፣ ቅርፊቱ ለስላሳ፣ ውፍረቱ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። አስኳል ያላቸው ሰማንያ ያህል ከወረዱ በኋላ፣ በመጨረሻ አስኳል የሌላቸው ትናንሽ እንቁላሎች ከላይ ይደረደራሉ፤ ስለ ምን እንደ ሆነ ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ። መጣል ስትጀምር ሰመመን ውስጥ ስለምትገባ፣ መሪዋ በዚያን ጊዜ ብቻ እንድንዳስሳት ፈቀደችልን፤ እርሷም ፈጥና ቍጥር የተጻፈበት የብረት ምልክት በኤሊዋ እግር ላይ ይገኝ እንደ ሆነ አየች፣ ርዝመቷንም ለካች። ቆዳዋ ቀዝቃዛ ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልነበረም። ይህች ፍጥረት የደም ሙቀቷን በገላዋ ግዝፈትና በስቧ ጠብቃ፣ ከዚህ ሞቃት ባሕር እስከ ካናዳ ቀዝቃዛ ውኃ ድረስ ጄሊፊሽ ፍለጋ ትሄዳለች። ከዐይኗ የሚወርደውንም ወፍራም ፈሳሽ ከጎብኚዎቹ አንዷ የምጥ እንባ አድርጋ አዘነችለት፤ መሪያችን ግን ከባሕር የጠጣችውን ትርፍ ጨው የምታወጣበት መንገድ መሆኑን ነግራ አጽናናቻት። ጕድጓዱን ደፍና፣ ምልክቱ እንዲጠፋ ዙሪያውን ሁሉ ደጋግማ አተራምሳ፣ ወደ ማዕበሉ ስትመለስ ሌሎች ሦስት በአጠገባችን እየወጡ ነበር። የወቅቱ ጫፍ ሲደርስ በአንድ ሌሊት በመቶ የሚቈጠሩ ይወጣሉ።

አንዲቱ እናት በዘጠኝና በዐሥር ቀን ልዩነት እየተመለሰች በአንድ ወቅት አምስት ስድስት ጊዜ ትጥላለች፤ ከዚያም ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ትሰወራለች። እንቁላሉ በአሸዋው ሙቀት ስድሳ ቀን ያህል ቈይቶ ይፈለፈላል፤ ጾታውንም የሚወስነው ያው ሙቀት ነው፤ ከ29 ዲግሪ ከፍ ሲል ሴቶች፣ ዝቅ ሲል ወንዶች ይበዛሉ። ስለዚህ የዓለም አየር ሙቀት መጨመር በዚህ አሸዋ ላይ የሚነበበው በወንዶች ማነስ ነው። ከሚፈለፈሉት ውስጥ ለአካለ መጠን የሚደርሰው ከሺህ አንድ ያህል እንደ ሆነ ይገመታል።

መሪያችን በልጅነቷ የኤሊ ሥጋ በልታለች። ይህን ስትናገር አላፈረችም፤ የማታፍርበትም ምክንያት አለ። በዚያ ዘመን በወቅቱ ማደን በሕግ የተፈቀደ ነበር፤ ሕጉ ከኦክቶበር እስከ ፌብሩዋሪ ድረስ ፈቃዱን ሰጥቶ የቈየው እስከ 2011 ነው። ነገር ግን ይህች ኤሊ የምትወጣው በተከለከሉት ወራት ስለ ሆነ፣ በጠረፉ ላይ የሚታረዱት እናቶች ሁሉ ሕግ የተሻገረባቸው ነበሩ፤ ብዙዎቹም ጥቂት ሥጋ ብቻ ተቈርጦላቸው ለጥንብ አንሣ ይተዉ ነበር። ማቱራ በ1990 ክልል ተብሎ ሲታወጅ፣ የጫካ ዘበኛ ቍጥር አንሶ አዋጁ ወረቀት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ሌሊት ዘብ መቆም ጀመሩ፤ ግራንድ ሪቪዬርም ይህንኑ ተከተለች። የትናንቱ አራጅ የዛሬው ዘበኛ የሆነው በስብከት ብቻ አልነበረም፤ የሌሊቱ ጎብኚ የሚከፍለው ገንዘብ እዚያው መንደር ስለሚቀር ጭምር ነው። ለእኔ ይህ ነውር አይደለም። ካካዎው ከጠፋ በኋላ ወጣቱ ወደ ከተማ ሲጎርፍባት የነበረች መንደር፣ ከጨለማና ከዝምታ እንጀራ ማውጣት መቻሏ ብልኀት ነው።

ንጋት ላይ ተመልሼ ስወርድ ግን ሌላው ገጽ ታየኝ። ዳርቻው ጠባብ፣ ጣዮቹ ብዙ ስለ ሆኑ፣ ኋላ የመጣችው እናት የፊተኛዪቱን ጕድጓድ ትቈፍረዋለች፤ የተበተነውን እንቁላል ጥንብ አንሣዎቹ በየቦታው ሲበሉት ነበር፤ ሁለት ውሾችም ይረዷቸው ነበር። ብዛት ራሱ ጥፋት የሚሆንበት ቦታ ይህ ነው። ወንዙም አለ። በዝናም ወራት ሲሞላ አፉን እየለወጠ አሸዋውን ይገምሳል፤ በ2012 እንዲሁ ወደ ቤቶቹ ተጠግቶ መሠረታቸውን መሸርሸር በያዘ ጊዜ፣ በጁላይ ወር አቅጣጫውን እንዲመልሱ የተላኩ ቡልዶዘሮች በመፈልፈያው ወቅት በእንቁላሎቹ ላይ ሄዱ፤ በሺህ የሚቈጠሩ እንቁላሎችና ጫጩቶች ጠፉ፤ ወሬውም በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ተነገረ። ከኤሊ አዋቂዎች መካከል ያ የአሸዋ ክፍል ወንዙ ራሱ ሊወስደው የነበረ ነው ብለው የተከራከሩ ነበሩ፤ ይህ እውነት ቢሆንም እንኳ፣ ሥራው አስቀድሞ ታስቦበት ከወቅቱ በፊት ሊሠራ ይችል እንደ ነበር ማንም አይክድም።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ግን በዳርቻው ላይ አይታይም። በ2019 የሰሜን ምዕራብ አትላንቲክ ቆዳ ለበስ ኤሊዎች ለመጥፋት ከተጋለጡት ወገን ተቈጥረዋል፤ ከምክንያቶቹም ዋነኛው መረብ ነው። የትሪኒዳድ ዓሣ አጥማጆች ኪንግፊሽና «ካሪት» የሚባለውን ዓሣ ለመያዝ ሌሊት በባሕሩ ፊት ላይ የሚዘረጉት ረዥም መረብ፣ ወደ ጠረፉ የሚጓዙትን እናቶች በየዓመቱ በብዙ መቶ፣ በከፋም ዓመት በሺህ የሚቈጠሩ አድርጎ ይይዛል፤ የተጠመደችውም ለመተንፈስ ወደ ላይ መውጣት ስለማትችል ትሰጥማለች። ከወንዙ አፍ አጠገብ ጀልባው ሥር ተቀምጦ መረቡን የሚጠግን አንድ ጐልማሳ አገኘሁና ስለ ነገሩ ጠየቅሁት። ሁለት ክንድ የሚያህል ቀዳዳ ዘርግቶ አሳየኝ። «አንዲቱ ብቻ ይህን ታደርጋለች፤ በአንድ ሌሊት ሦስት አራት ሲገቡ መረብ የሚባል አይቀርልህም። ጎብኚው ለመሪው ይከፍላል፣ ለሆቴሉ ይከፍላል። ለእኔ መረብ የከፈለ እስከ ዛሬ አላየሁም» አለኝ።

ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት በዚህ ጠረፍ ወርዱ አጠር ያለ መረብ ተፈትኖ፣ የሚያዙት ኤሊዎች ቍጥር እንደ ቀነሰ፣ ፈጽሞ ግን እንዳልጠፋ ነገርሁት። ፈተናውን ያውቀዋል። መረቡን ከነስሙ ጠርቶ፣ ጥሩ ነበር ካለ በኋላ፣ «የሚያድለን ሰው ካለ ዛሬ ማታ እዘረጋዋለሁ፤ የምገዛው እኔ ከሆንሁ ግን ይህኛውን እጠግናለሁ» ብሎ መርፌውን አነሣ።